የዕቃ ቤቱ ክዳን

ሽማግሌው ልባቸው አልረጋ ብሎ ከቆርቆሮ ሱቁ ሁለቴ ወጥተው ሁለቴ ተመለሱ። አሁንም ስሱን ቆርቆሮ በጣታቸው እያንኳኩ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝና እኔ ልምረጥልዎት" አለች ሻጯ፣ ትዕግሥቷ እያለቀ።

"ለዕቃ ቤት ነው። ጓሮ ውስጥ፣ ከፎቁ በረንዳ ሥር የሠራነው።"

"ታዲያ በረንዳው ይጋርደው የለ? ስሱ ይበቃዋል።"

"በረንዳው ሳንቃ ነው፤ በየስንጥቁ ውሃ ያወርዳል። ብርዱስ ቢሆን?" እጃቸው ወፍራሙ ቆርቆሮ ላይ አረፈ፤ ወዲያው አነሱት። "ይሄኛው ስንት ዓመት ይቆያል?"

"እሱማ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ይቆያል።"

"ከላይ ልጆች ሲሯሯጡስ? ድምፅ ያስገባል?"

ሻጯ ሳቋ አመለጣት። "ኧረ ጋሼ! ዕቃ ደግሞ ምን ጆሮ አለው? ለመሆኑ የሚቀመጠው ምንድን ነው?"

"አሮጌ ነገር ነው" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው። "ልጆቹ መጣሉን አልደፈሩም።"

ይሄኔ ስልካቸው ጮኸ። ያለ ስፒከር አልሰማ ካላቸው ስለሰነበተ፣ እንደ ልማዳቸው ድምፁን ለቀው አነሱት።

"አባዬ" አለ ልጃቸው፣ "አልጋህ በዕቃ ቤቱ በር አልገባ አለን። የአልጋውን እግር ብንቆርጠው ቅር ይልሃል?"

"ቁረጡት" አሉ ሽማግሌው።

ሻጯ ስሱን ቆርቆሮ ወደ ቦታው መለሰችው።