ፀሐይ የማይወድ ጣቢያ

ስብሐት ሬዲዮውን በሁለት እጁ አቅፎ ቀስ ብሎ ወደ ምሥራቅ አዞረው። ድምፁ ሳሳ። ትንሽ መለሰው፤ ደመቀ። ኤ ኤም ሞገድ እንዲህ ነው፤ አንቴና ቢመዝዙለት ግድ የለውም፣ ሬዲዮው ራሱ ፊቱን ወደ ጣቢያው ካላዞረ አይሰማም።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ያዝክ? ቻይናን?» አለች ሰናይት፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወደ ቦኖው ስትወርድ በአጥሩ ቀዳዳ አይታው። ጎረቤቱ ናት፤ አፏ አያርፍም። «ሰው መብራት ጠፋ ብሎ ያለቅሳል፣ ላንተ ሠርግህ ነው!»

«እባክሽ ዝም በይ፣ ሊጀምር ነው።»

ሐሰት አልተናገረችም። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ቴሌቪዥንና ቻርጀር፣ ፍሪጁም ሳይቀር አብሮ ዝም ይላል። ያኔ ሬዲዮው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ይገላገልና ካርቱም በለው ጅዳ፣ አንዳንዴም ስሙን የማያውቀው አገር፣ ጉለሌ ዳገት ላይ ከች ይላል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቤት ከዋለ ጀምሮ የስብሐት ጓደኛ ይኸው ነበር፤ ቋንቋውን ባያውቅም እየሰማ አገር ላገር ይዞራል።

ከፍልሰታ ወዲህ ግን ጨዋታው ቀርቷል። ወንድሙ ያዕቆብና የጋሽ ዱጉማ ልጅ ቢሊሱማ ተያይዘው ወደ ባሕሩ ወርደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱም ስልክ አይሠራም። ከቀይ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ጣቢያ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ለጥቂት ደቂቃ በአማርኛ ያወራል፤ በጀልባ ስለተሻገሩና ስላልተሻገሩ ሰዎች። ፀሐይ ብልጭ ስትል ጣቢያው እንደ ጤዛ ይጠፋል። እናቱ እንዳትሰማ ብሎ ነው ሬዲዮውን ደጅ አውጥቶ የሚያዳምጠው።

«...ትናንት ከተገለበጠችው ጀልባ በሕይወት ከወጡት አንዱ አጠገቤ ይገኛል። ስምህን ማን ልበል?»

«ያዕቆብ።»

ስብሐት ሬዲዮውን ወደ ጆሮው አስጠጋው።

«ያዕቆብ ነኝ። የጉለሌ ልጅ። ያወጡኝ ሰዎች እንኳ ቢሊሱማ ብለው ነው የመዘገቡኝ፤ እ... ማለቴ፣ ራሴን ስቼ ነበር። በረደኝ ብዬው ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰኝ እሱ ነው። መታወቂያው የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበረ። እጁን ይዤው ነበር። በቃ... ሾለከኝ። ዓይኔ እያየ ሰጠመ።»

ድምፁ ራቀ፣ ተመለሰ፣ የሬዲዮው መንሿሿት ዋጠው። ስብሐት ሬዲዮውን ወዲያም ወዲህም ቢያዞረው ወንድሙ አልመጣለትም።

የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

ገና ወፍ ሲንጫጫ ሽማግሌ በር ካንኳኳ፣ ለምን መጣችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መርዶ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሲመሽ ቢደርስም ባለቤቱ እንቅልፉን ይጥገብ ተብሎ በሌላ ሰው ሆድ ያድራል። ከፊት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዱጉማ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ከኋላቸው የእድሩ ሰዎች፣ ጋሽ ቤዛብሕና ቦና። ሴቶቹ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው መንገዱ ላይ ቀሩ፤ ሰናይትም ጀሪካኗን ጥላ መሀላቸው ቆማለች።

«እናትህ ተነሥታለች?»

«ምነው ጋሼ? ምን ሆናችሁ?»

ጋሽ ዱጉማ ትከሻውን ያዙት። «አይዞህ፣ የኔ ልጅ። ማታ ያሻገራቸው ደላላ ደወለ። ጀልባዋ... የኔው ወጥቷል አሉኝ። ተመስገን ልበል ብል እንኳ አፌ እምቢ አለኝ። ያዕቆብ ግን...» እንባቸው ቀደማቸው። «ደጄ ላይ ነው ያደገው። ሌላ ሰው ከሚነግራት እኔው ልንገራት ብዬ ነው።»

«አለ!» ስብሐት ጩኸቱን ራሱም አላወቀው። «ያዕቆብ አለ! አሁን፣ አሁን በሬዲዮ አወራ!»

«ስብሐት፣ ከማን ጋር ነው?» አለች እናቱ አፀደ ከውስጥ። የአልጋዋ ሽቦ ሲንቋቋ ተሰማ።

ጋሽ ቤዛብሕ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተው ልጄ፣ ድንጋጤ ነው።»

«የወንድሜን ድምፅ አጣዋለሁ? ስሙን ተናገረ፣ ሰፈሩን ተናገረ!»

ጋሽ ዱጉማ አፈጠጡበት። ከዚያ ፊታቸው ከአገጫቸው ጀምሮ በራ፤ እንዲህ ሲስቁ ስብሐት አይቷቸው አያውቅም። «በራሱ አንደበት? ወይኔ ጉዴ፣ ምን ልናገር ነበር! ሁለቱም ተርፈዋላ!» ወደ መንገዱ ዞሩ። «እናንተ፣ ምን ትገተራላችሁ? እልል በሉ እንጂ!»

አንዷ ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጋሽ ዱጉማ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ወደ ስብሐት ጠጋ አሉ፤ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆነ።

«የኔውስ? አብረው ናቸው? ስለ እሱ ምን አለ?»

ስብሐት አንገቱን ደፋ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ፀሐይ አርፋለች፤ ሬዲዮው ደረቱ ላይ እንደተለጠፈ ባዶውን ይንሿሿል። ይህን የመሰለ ነገር ለሰው እንዴት እንደሚነገር የሚያውቁት ጋሽ ዱጉማ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ፊቱ ቆመው መልስ ይጠብቃሉ።

«ምነው አንገትህን ደፋህ?»

እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ። ጋሽ ቤዛብሕና ቦና ተያዩ። ከዚያ አንዳቸው በቀኝ፣ አንዳቸው በግራ ቀስ ብለው ተጠጉና የጋሽ ዱጉማን ክንድ ያዙ።

«ምን ነካችሁ?» አሉ ጋሽ ዱጉማ፣ ፈገግታው ገና ከፊታቸው ሳይወርድ። «እኔን ለምን ትይዙኛላችሁ?»