አቶ አዝመራው አፋቸውን የፈቱበት ቀን

ኳንተም ፊዚክስን ወደ ቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ማንም አልደፈረም። በየማክሰኞው ከሚላኖ ያስመጣኋትን ሱሪ ለብሼ፣ ሰሌዳው ላይ ቀመር ለመጻፍ ዞር ስል አሥሩም ታካሚዎቼ ከአድናቆት ብዛት አንገታቸውን ይደፋሉ።

ያስቸገሩኝ አቶ አዝመራው ብቻ ናቸው። የመጡት ለእንቅልፍ እጦት ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ወሬያቸውን ማን ያቆመው። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ግን ስምንት ወር ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ዛሬ ባለቤታቸው በር ላይ ይዘውኝ፣ "አሁንም ካልተናገሩ ጠበል እወስዳቸዋለሁ" አሉኝ።

እኔ መቼ እሸነፋለሁ።

"ቅንጣት የሚያያት ካለ ጠባይዋን ትለውጣለች፤ ሰውም እንደዚያው ነው" ብዬ ዘጠኙን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞርኳቸው። እኔም ለአቶ አዝመራው ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከዚያ አቶ አዝመራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሳይንስ ታሪክ እንዲህ ያለ ጉሮሮ ተጠርጎ አያውቅም።

"ዶክተር፣ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።"

"ምን ያሳፍርዎታል አባቴ፣ ማንም አያይዎትም።"

"እኔንማ አያዩኝም። እኔ ግን እርስዎን እያየሁ ነው። ሱሪዎ ከኋላ ከተቀደደ ስምንት ወሩ።"

ዘጠኙም ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ በአንድ ድምፅ "እፎይ" አሉ።