ቁጥር ሁለት

እናትየው ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙትን የሟች ልጇን ሁለት የስፖርት መኪናዎች ለገዢው አሳየችው። አሮጌዋን ልጇ በገዛ እጁ ፈታትቶ ነበር የገጣጠማት። "እሷ አትሸጥም፤ እጁ አለባት" አለችው። አዲሱን ግን ይውሰደው። ለእሷ የልጇ ጠረን የሌለው ብረት ነበር።

"አሮጌዋማ ለመነሳት ሽማግሌ ይላክባታል" ብሎ ገዢው ቀለደ። "የዚህኛው ወንበር እንኳ ሰው ያስታውሳል፤ የእያንዳንዱን ነጂ ልክ በቁጥር ይይዛል። ይግቡና ይዩት፣ እማማ።" ገብታ መሪው ፊት ተቀመጠች። ገዢው በሩ ላይ ያለውን የቁጥር አንድ ቁልፍ ሲጫነው ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ እግሯ አየር ላይ ቀረ። የረጅሙ ልጇ ልክ ነበር። ቁጥር ሁለትን ሲጫን ግን ወንበሩ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣ፣ ከፍም አለ፣ እግሮቿም ፔዳሎቹ ላይ ልክክ ብለው አረፉ።

"ይሄ ደግሞ የማን ልክ ነው?" አለ ገዢው።

ልጇ አንድ ቀን "እማዬ፣ መንዳት አስተምርሻለሁ" ብሎ እዚሁ አስቀምጧት ወንበሩን ሲያስተካክልላት፣ "በስተርጅና ሰው አታስቅብኝ" ብላው ወርዳ ነበር። አሁን ፍሬኑን እስከ ታች ረገጠችው።

"እማማ፣ መኪናው ቆሟል እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች። እግሯን ግን አላነሳችም።