አቶ ደምመላሽ ያነጠፉት አልጋ

ክፍሌ አይጸዳ ያለ እንግዳ ከሆቴሉ ነፃ ራት ያገኛል፤ ሰባት ቀን ሙሉ ማንም ያልጠራትን የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ሕንፃው ራሱ ያሰናብታታል። ለወሰንየለሽ ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። መቀመጥም መቆምም አቅቷት፣ አንሶላ ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ስትመላለስ ዋለች። እንግዳ መለመን ክልክል ነው፤ ግድግዳው ይሰማል።

ማምሻውን የመጨረሻው ክፍል ተከፈተ። አቶ ደምመላሽ የተባሉ አዛውንት በኩራት ወደ ውስጥ አመለከቷት። አልጋቸውን ራሳቸው አንጥፈዋል፤ አንሶላው ተንሻፎ አንድ ጫፉ መሬት ይጠርጋል።

«ለነፃው ራት ብዬ አይደለም። አንቺ እንዳትደክሚ ብዬ ነው» አሏት። «እረፊ፣ ልጄ!»

ያንን ጫፍ ለማስተካከል እጇን በላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ።»

በሩ ተዘጋ። ሠራተኛ ባለፈ ቁጥር የሚበራው የኮሪደሩ መብራት ግን፣ እሷ ብታልፍም አልበራም።