በቀዘቀዘ ቁጥር

ዋይፋዩ እንደገና ጠፋ። ለሥራ በቪዲዮ የሚፈትናት ሰውዬ ላፕቶፑ ላይ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ልጅቷ ራውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ላፕቶፑን ታቅፋ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት ተንቆራጠጠች።

«ምሳሽን አትበዪም?» አለች እናቷ ከኩሽና።

«እማዬ፣ በናትሽ! ሥራውን ልታሳጪኝ ነው?»

ኩሽና ውስጥ ማይክሮዌቩ ጢጥ ሲል ሰውዬው ነፍስ ዘራ። «ትሰሚኛለሽ?» ከማለቱ ማይክሮዌቩ መልሶ አጓራ፤ ሰውዬውም መልሶ ደረቀ። ያኔ ገባት፤ ለካ ዋይፋዩን የሚያሳብደው ማይክሮዌቩ ኖሯል። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ኩሽና ስትሮጥ እናቷ ሳህኑን በፎጣ ይዛ ወጣች።

«ካልበላሽ እኔስ መች አርፋለሁ? በቀዘቀዘ ቁጥር አሞቀዋለሁ።»

ልጅቷ ምላሷ ጫፍ የደረሰውን ቁጣ ዋጠችው። ሳህኑን ተቀብላ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠችና አፏን ሞልታ ጎረሰች። ኔትወርኩ መጣ። ሰውዬው አሁንም አፉን እንደከፈተ ነበር፤ በዚህኛው ግን የዋይፋዩ እጅ አልነበረበትም።