መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ሰውዬ

"አንተ! ቆመህ ምን ታያለህ? ያዝ እንጂ!"

እንዲህ የሚጮኸው ቱርቦ ነው... የአየር ማረፊያው የጭነት መጋዘን በር ላይ ቆሞ።

ትክክለኛ ስሙ አይደለም። ሲጣደፍ ስላደገ ሰፈሩ ያወጣለት ነው።

ዛሬ ግን ለመጣደፉ ምክንያት ነበረው።

ለሕክምና ውጭ ሄደው እዚያው ያረፉት አባቱ በጠዋቱ በረራ መጥተዋል... በሳጥን።

መቃብር ቦታው ላይ ደግሞ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የአባቱ የሥራ ባልደረባ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

"ሰው እዚያው ይጠብቀን" ያለው ራሱ ቱርቦ ነው። ስለዚህ ለመሸከም የመጡት እሱ፣ እህቱ፣ ወገቡን የሚያመው አጎታቸውና የሬሳ መኪናው ሹፌር ብቻ ናቸው።

ከውጭ የሚመጣ አስከሬን ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ... ሳጥኑ ውስጡ በቆርቆሮ ይታሸጋል፣ ከላዩ እንጨት ይለብሳል። የመጋዘኑ ጋሪ ከበሩ አያልፍም። ከዚያ በኋላ መኪናው ድረስ በክንድ ነው።

በሩ ጥግ ላይ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ቱርቦ የመጋዘኑ ተሸካሚ መሰለው።

ሰውዬው እጅጌውን ሰብስቦ መጣና በግርጌ በኩል ያዘ።

"አባት፣ እርስዎ ይተዉት... የመኪናውን በር ብቻ ይያዙልን" አለው አጎትየውን።

አጎትየው ወገቡን ይዞ "ተባረክ" አለ።

"ቶሎ በል አቦ!" አለ ቱርቦ።

"ቀስ ይሻላል ወንድሜ። እሳቸው እንደሆነ አልቸኮሉም።"

እህቱ ከነእንባዋ ፈገግ አለች። "እውነቱን ነው! አባባ በዕድሜው ቸኩሎ አያውቅም። አንተ ማንን እንደወጣህ እንጃ!"

ቱርቦ ሳጥኑን ጎተተ። የሳጥኑ ጠርዝ የመኪናውን በር ጫረ።

የጎተተው እሱ... የጮኸውም እሱ።

"የሰው አባት ነው እኮ የያዝከው! ስምህን ንገረኝ፣ ለአለቃህ ነው የማመለክተው!"

"ይቅርታ" አለ ሰውዬው። የተጫረውን ቦታ በመዳፉ ዳበስ አደረገውና ወደ መጋዘኑ ተመለሰ።

ቱርቦ የቀረችውን ፊርማ ሊያኖር ወደ መጋዘኑ ጸሐፊ መስኮት ሮጠ።

"ሠራተኛችሁ ሥርዓት የለውም!" አለው ጸሐፊውን።

"የቱ ሠራተኛ?"

"ያ... ሽበታሙ።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው።

"እሳቸው ሠራተኛ አይደሉም። እንዳንተው አስከሬን ሊቀበሉ ነው የመጡት። እህታቸውን... በዚያው አውሮፕላን።"

ቱርቦ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ተራውም የሳቸው ነበር። አንተ መስኮቱን ስትደበድብ ሰምተው ‹እነሱን ሰው ይጠብቃቸዋል፤ የኔን የሚጠብቅ የለም፤ ይቅደሙ› ብለው ነው የለቀቁላችሁ።"

ቱርቦ ዞሮ አየ...

ሰውዬውና የተከራየው መኪና ሹፌር፣ ሁለት ሆነው፣ ሌላ ሳጥን ከጋሪ ላይ ሊያነሱ ይታገላሉ። አልተነሳላቸውም።

በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። አክስቱ ናት።

"አንተ ልጅ የት ቀራችሁ? ሰዉ ፀሐይ ጨረሰው እኮ! መሄድ የጀመረም አለ!"

ልብ በሉ... ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም። የሚቀብረው አባቱን ነው።

ቱርቦ ግን ቆመ። ምናልባት ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አክስቴ... እንዘገያለን።"

"ምን ሆናችሁ ደግሞ?"

"አንድ ሰው ቀርታብናለች።"

ስልኩን ዘጋና ተመለሰ። እህቱም ከመኪናው ወርዳ ተከተለችው።

"ጋሼ... ይቅር ይበሉኝ። በየት በኩል ልያዝ?"

ሰውዬው ትንሽ አየው። "በራስጌዋ። ቀስ አድርገህ... ያሳደገችኝ እሷ ናት።"

"ሌላ ዘመድ የለዎትም?" አለች እህቱ።

"ነበረኝ። እቺው ናት።"

ተሸክመው ጫኗት። የምትቀበረው እነሱ ከሚሄዱበት አልፎ፣ ከከተማው ዳር ነው።

"ሳልመጣ እንዳያወርዷት" አለ ቱርቦ። "ክንድ ያስፈልግዎታል።"

"አንተ አባትህን ቅበር ልጄ። ደክሞሃል።"

"እመጣለሁ አልኩ እኮ!"

አባት ተቀበሩ። ሰዉ ሊበተን ሲል ቱርቦ አጥሩ ላይ ወጣ።

"አባቴን ያስቀደመልኝ ሰው እህቱን ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። ሰው የላትም። የቻለ... ይከተለኝ።"

አንዳንዱ ሰዓቱን አይቶ ሄደ። አንዷ ጎረቤት "ለማናውቃት ሴትዮ?" ብላ አጉረመረመች። አጉረምርማ ስታበቃ ግን ከሁሉ ቀድማ መኪና ውስጥ የገባችው እሷ ናት።

ከከተማው ዳር ሰውዬው ከሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። አቧራ ሲነሳ አየ። መኪና መጣ። ከኋላው ሌላ መኪና... ከዚያ ሰው የጫነ አውቶቡስ።

ብድግ አለ።

"ሌላ ቀብር አለ እንዴ ዛሬ?" ሲል ሹፌሩን ጠየቀው።

ቀድማ የወረደችው የቱርቦ እህት ናት። ክንዱን ያዘች።

"የለም ጋሼ... የሷ ሰዎች ናቸው።"

ሰውዬው መጋዘኑ በር ላይ ያላለቀሰውን... ያኔ አለቀሰ።

ወዳጆቼ... ኀዘን የገባን ቀን ዓለም ሁሉ መንገድ ይልቀቅልን እንላለን። አዝነናል፣ ይገባናል ብለን። መንገዱን የለቀቀልን ሰው ራሱ ምን ተሸክሞ እንደቆመ ግን ዞር ብለን አናይም። ሰው ከመቆጣታችሁ በፊት "አንተስ ማንን እየጠበቅክ ነው?" በሉት። አንድ ጥያቄ ናት... ከብዙ ጸጸት ታድናለች።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ... ሰው ፀሐይ ላይ እየጠበቃችሁ፣ ስልኩ እየጮኸ፣ የገዛ አባታችሁ መኪና ውስጥ ሆኖ... ትመለሱ ነበር? ወይስ ትሄዱ?

እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ ራሴ ሳስበው ነው የዋልኩት።