ስምንት ሜትር አቡጀዲ

ጋሽ መንበሩ የእጃቸውን አምባር በገንዘብ መቀበያው ላይ አሳረፉ። ቀይ በራ። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ ገዢው በሚገዛው ነገር ከልቡ ደስ ካላለው ገንዘቡ አይከፈልም።

«ሁለተኛዎ ነው አባባ» አለች ባለሱቋ ብርቄ፣ አቡጀዲውን አጥፋ እንደያዘች። «አንዴ ደግሞ ቀይ ከሆነ እስከ ነገ ይቆልፋል።»

ባለቤታቸው የሺመቤት ጧት አርፋ፣ ቀብሯ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሰባት ሰዓት አልፏል። መግነዙን ለመግዛት ዕድርተኛው ሁሉ በየተራ ቢሞክርም የማንም አምባር አረንጓዴ አልሆነም።

«ልጅዎን የዳሩ ዕለት ያስቡ!» አለ ከኋላ የተሰለፈ ጎረምሳ።

«አንተ፣ ዝም በል! መግነዝ እኮ ነው የሚገዙት» ስትል ብርቄ ገሠጸችው።

ሽማግሌው ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱ። የሺ ለሙሽርነት ቀሚሷ ጨርቅ ስትገዛ የነጋዴውን አቡጀዲ በጥርሷ ሳብ አድርጋ፣ «ይሄማ ቤት ሳልደርስ መለመላዬን ያስቀረኛል!» ብላ ገበያተኛውን ያሳቀችበት ቀን ትዝ አላቸው። ሳያውቁት ፈገግ አሉ። እንባቸው እየወረደ አምባሩን አሳረፉ።

አረንጓዴ በራ።

ብርቄ ጨርቁን ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን ከቆሙበት ንቅንቅ ሳይሉ መብራቱን ያያሉ።

«ሳይጠፋ አንድ ድገሚኝ» አሏት።

«ለማን?»

«ለኔ ነዋ። ልጆቼ እዚህ ቆመው በግድ እንዳይስቁ።»